«ደም የመሰለ» ማለት የቋንቋ ድህነት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቋንቋ ዓምዳችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውን፣ ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልሳኖች የሚያወሳውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ቦታ ማግኘቱ አስደስቶኛል፤ ጸሐፊውም ስለ ድካማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ስለ ካሩክ ቋንቋ የጻፉትን አንድ አንቀጽ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጸሐፊው ካሩክ «ቀይ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል እንደሌለውና በምትኩ «ደም የመሰለ» እንደሚል ከገለጹ በኋላ፣ ይህ ገና ከሚታየውና ከሚዳሰሰው ነገር ተላቅቆ ማሰብ ያልጀመረ ሕዝብ አነጋገር ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል። የጠቀሱት ነገር እውነት ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ደግሞ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን አማርኛ በቂ ምስክር ነው።

እኔ የሥነ ልሳን ሊቅ አይደለሁም። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ጅማ ውስጥ በቡና ምርመራና ቅምሻ ያሳለፍኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ከካሩክ ጋር ያስተዋወቀችኝ የሥነ ልሳን ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት፤ ለትምህርቷ ያመጣችውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማታ ማታ አብረን እያገላበጥን፣ እኔም እንደ ልማዴ «ይህ ምን ይመስላል?» እያልኩ እየጠየቅኋት ብዙ ሌሊት አምሽተናል። አንድን ነገር በሌላ ነገር አስመስሎ መግለጽ ለእኔ የዕለት እንጀራዬ የነበረ ጉዳይ በመሆኑ፣ ይህ አነጋገር እንደ ሕፃንነት ሲቆጠር ዝም ማለት ይከብደኛል።

በመጀመሪያ ስለ ሕዝቡ ጥቂት ልበል። ካሩኮች በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ ተራሮችን ሰንጥቆ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ በሚፈሰው በክላማዝ ወንዝ ዳር የኖሩና ዛሬም ያሉ ሕዝብ ናቸው። «ካሩክ» ማለት በቋንቋቸው «ወደ ወንዙ ላይ» ማለት ሲሆን፣ ከእነርሱ በታች ወደ ባሕሩ የሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው ዩሮኮች የሚታወቁበት ስምም «ወደ ወንዙ ታች» ከሚለው የካሩክ ቃል የመጣ ነው። አቅጣጫ የሚናገሩት በምሥራቅና በምዕራብ ሳይሆን በወንዙና በተራራው ነው፤ ወደ ላይ ወንዝ፣ ወደ ታች ወንዝ፣ ወደ ዳገት፣ ወደ ቁልቁለት። «አራራ» በቋንቋቸው ሰው ማለት ነው፤ ቋንቋውን ራሱንም ከዚሁ ቃል አውጥተው የሕዝቡ ንግግር በሚል ስም ይጠሩታል። ከሌሎች ልሳኖች ጋር ያለው ዝምድና በማያከራክር መንገድ ስላልተረጋገጠ፣ ብዙ ምሁራን ብቻውን የቆመ ልሳን አድርገው ይቆጥሩታል። አሜሪካዊው የልሳን ሊቅ ዊልያም ብራይት ገና ወጣት ሳሉ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ወደ ወንዙ ወርደው ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች እየጠየቁ የሰበሰቡት ሰዋስው፣ ተረትና የቃላት ስብስብ በ1957 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያም በፊት በ1932 እ.ኤ.አ. ስለ ካሩኮች የትንባሆ አጠቃቀም የታተመ አንድ ሰፊ ሥራ አለ፤ በውስጡ ፊቢ ማዱክስ የተባሉ የካሩክ ሴት ተክሉን ከዘሩ እስከ ጢሱ ድረስ በራሳቸው ቋንቋ ገልጸውታል። እንግዲህ ማስረጃው በዚህ መጠን አለ ማለት ነው።

ወደ ነገሩ ስገባ፣ «ኩኒሽ» የሚል አንድ ትንሽ ቃል በካሩክ አለ። ከስም በኋላ ሲለጠፍ «የሚመስል» ወይም «ዓይነት» የሚል ፍቺ ይሰጣል። ደም «ኣኽ» ነው፤ ቀይ «ኣኽኩኒሽ» ይሆናል። ሌሊት «ኢክኻራም» ነው፤ ጥቁር ደግሞ «ኢክኻራምኩኒሽ»፣ ሌሊት የሚመስል። ሐሞት «ሡኪን» ይባላል፤ የመጀመሪያው ድምፅ ምላስ በጥርስና በጥርስ መካከል ገብቶ የሚወጣ፣ ቁርአን ቤት የተማሩ የጅማ ልጆች ከዓረብኛ በደንብ የሚያውቁት ነው። ከዚህ «ሡኪንኩኒሽ» ይወጣል፤ ትርጉሙም ሐሞት የሚመስል፣ ማለትም አረንጓዴና ሰማያዊ ነው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የሂርማታ ገበያ ነው። በዓል ሲቃረብ ዶሮ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጯን «ገብስማ አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዛጎልማ የሚፈልግም አለ። ገብስማ ከገብስ፣ ዛጎልማ ከዛጎል የወጡ መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ገብስማ ያለው ገዢ በዓይነ ኅሊናው የገብስ ማሳ እያየ አይደለም። የሚያስበው ያን ከነጭና ከጥቁር የተዘበራረቀ ላባ ነው። ጠጉሩ መሸበት የጀመረን ሰው ገብስማ ስንልም እንዲሁ ነው። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ወርቃማ ከወርቅ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ ቡናማ ከቡና ወጥተዋል። ታዲያ «ማ» በአማርኛ የምትሠራው ሥራ «ኩኒሽ» በካሩክ ከሚሠራው በምን ይለያል? ካሩኩ ኣኽኩኒሽ ሲል ደም እየፈሰሰ አይታየውም፤ እኛ ሰማያዊ ሸሚዝ ስንል ቀና ብለን ሰማይ እንደማናይ ሁሉ። ቃሉ ከነገር ተወልዶ የነገሩን ስም ጥሎ በራሱ እግር ቆሟል። ከሚታየው ነገር መላቀቅ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስለ ቡናማ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ጉዳይ የምናገረው ነገር ያለኝ ይመስለኛል። ቡናማ ስንል የትኛውን ቡና ነው የምንመስለው? በዛፉ ላይ የበሰለ እሸት ቡና ቀይ ነው። የጎማና የማና ገበሬ ለለቃሚዎቹ «ደም የመሰለውን ብቻ ልቀሙ» ሲል ከካሩኩ ጋር በአንድ ቃል ይስማማል። በፀሐይ የደረቀው ጀንፈል ወደ ጥቁር ይሄዳል። ታጥቦ የተፈለፈለው ቅሽር ቡና አረንጓዴ ወይም ግራጫ መሳይ ነው። ሲቆላ ግን ያ ቀለም ይመጣል፤ ሲፈላ ደግሞ ይጠቁራል። አንድ ተክል አምስት ቀለም አለው፣ አማርኛ ከአምስቱ አንዱን መረጠ፤ የመረጠውም የብረት ምጣዱን ነው። ስለዚህ «ቡናማ» የሚለው ቃል የተወለደው በማሳ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡና አምራች ብቻ የሆነ፣ ቆልቶ የማይጠጣ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ቡናማ ማለት ቀይ ማለት በሆነ ነበር። በማመሳሰል የተሠራ ቃል ውስጥ የሕዝቡ ኑሮ፣ የቆመበት ቦታና የሚያይበት ማዕዘን ታትሞ ይቀራል።

ሐሞትም እንዲሁ ነው። ለእኛ ሐሞት ስንል ቀድሞ የሚመጣው ምሬት ነው፤ ኮሶና ሬት በሚጠሩበት ይጠራል። ሁለተኛም ድፍረት ነው፤ ሐሞተ ኮስታራ እንላለን፣ የፈራውን ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። ቀለሙን ግን አላነሣነውም። ካሩኮች በወንዙ ዓሣ፣ በጫካው አጋዘን የሚኖሩ ሕዝብ ነበሩ። ዓሣ አጥምዶ ሆዱን የከፈተ ሰው፣ ሐሞቱ እንዳይፈስስበት እየተጠነቀቀ ያንን ቢጫና አረንጓዴ የተደባለቀበትን ከረጢት በጣቱ ይዞ ያየዋል። ያ ሰው ስለ ሣርና ስለ ጥልቅ ውሃ ሲናገር ያንን ቀለም ቢያስታውስ ምን ያስገርማል? ነገሩ አንድ ነው፤ ሐሞት ሐሞት ነው። ልሳኖቹ ግን ከአንዱ ነገር የተለያየ ጠባይ መዘዙ፤ አንዱ ጣዕሙን፣ ሌላው መልኩን። ማመሳሰል «እንደ እገሌ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሥራ አይደለም፤ «በምን በኩል?» የሚለውን ጥያቄ ሕዝቡ አስቀድሞ መልሶ፣ ተስማምቶ፣ ለልጆቹ ማውረስ አለበት። ይህ ስምምነት በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም።

ልጄ ያስተዋለችው ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ብቻዬን አላገኘውም ነበር። «ኩኒሽ» ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው «የሚመስል» ነው፤ ሁለተኛው «ዓይነት፣ ቢጤ፣ ያህል» የሚለው፣ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በመጠኑ የሚሰጠው ነው። አማርኛ ይህን ሥራ ለብዙ ሠራተኞች አከፋፍሎታል። ለመምሰል «እንደ» እና «የመሰለ» አሉን፤ ዓሣ የመሰለች ጠይም፣ ወተት የመሰለ ጥርስ፣ ሐር የመሰለ ጠጉር፣ ጥላሸት የመሰለ ድስት። ለባሕርይ «ማ» እና «ኣም» አሉን፤ ተራራማ አገር፣ አሸዋማ መሬት፣ ሆዳም ሰው፣ ቀንዳም በሬ። ለመጠን ደግሞ ሌላ ልሳን በቀላሉ የማያገኘው ያ የተወደደ ስልት አለን፤ ረዘም ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ። «ረጅም» እና «ረዘም ያለ» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለባዕድ ለማስረዳት ግን ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ካሩክ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ሲያስተናግድ፣ መምሰልና መጠጋት አንድ ነገር መሆናቸውን ያሳየናል። ደም የሚመስለው ነገር ደም አይደለም፤ ወደ ደም የቀረበ ነው። ረዘም ያለውም ሰው ረጅም አይደለም፤ ወደ ረጅምነት የቀረበ ነው።

በሥራዬ ይህ ልዩነት ገንዘብ ነበር። ቅሽር ቡና ለደረጃ ሲቀርብ ቀለሙ በሰማያዊ መሳይ፣ በግራጫ መሳይ፣ በአረንጓዴ መሳይና በሌሎችም ስሞች ይመዘናል፤ «መሳይ» የምትለዋ ቃል እዚያ ጌጥ አይደለችም፤ የገበሬው ዋጋ የምትወሰነው በእርሷ ነው። ቅምሻው ላይም የይርጋ ጨፌውን ጠረን በአበባ፣ የሊሙውን በወይን እንመስለዋለን። በጽዋው ውስጥ አበባም ወይንም የለም። ጠረጴዛውን የከበቡት ቀማሾች ግን እየማጉ፣ እየተፉ፣ በአንድ ጊዜ «አዎ፣ እርሱ ነው» ይላሉ። ለዚህ ጣዕም ከማመሳሰል የተሻለ የትክክለኛነት መሣሪያ እስካሁን አልተገኘለትም። ወጣት ቀማሽን ስናሠለጥንም የምናስተምረው ቃል አይደለም፤ አበባውን አሽትት፣ ወይኑን ቅመስ፣ ከዚያ ተመለስ እንለዋለን።

ጸሐፊው አረንጓዴንና ሰማያዊን በአንድ ቃል መጥራት የዓይን ጉድለት እንደሆነ በሚያስመስል መንገድ ስላለፉት፣ ይህንም በአጭሩ ላንሣ። እኛ የምሥራቅ ጅማን ቀይ አፈር፣ ቀይ ሽንኩርትን፣ ቀይ ጤፍን፣ ቀይ ወጥንና ቀይ ሰውን ሁሉ «ቀይ» እንላለን። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ እንኳ አንድ ቀለም የላቸውም፤ ሆኖም ሽንኩርቱን ከሰውየው መልክ መለየት የተሳነው አማርኛ ተናጋሪ አላየሁም። ሰፊ ቃል ሰፊ ቤት ነው፤ በውስጡ ያሉት ተለይተው አይታዩም ማለት አይደለም።

በካሩክ መግለጫ ቃላት ውስጥ ልብ የሚነካኝ ሌላው ነገር የማሳነሻ ድምፃቸው ነው። በብዙ ቃላት መጨረሻ ላይ «ኢች» የምትል ቅጥያ ትሰማለች፤ ትንሽ ማለት የሆነው «ኒናሚች» የሚለው ቃል ራሱ በእርሷ ይዘጋል። እኛ ትንሽነትንና ፍቅርን የምንገልጸው አንስታይ ጾታን በመጠቀም ነው፤ ወንድ ልጃችንን «አንቺ» ብለን የምናቆላምጠው፣ ጎጆዋንም «ይህቺ ቤት ደስ ስትል» የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። ካሩኮች ዊልያም ብራይትን የጠሩበት ስም «ኡህያናፓታንቫኒች» ነው፤ ትርጉሙ ትንሹ ቃል ጠያቂ ነው። አንድ ወጣት ደብተሩን ይዞ ደጃቸው ላይ እየመጣ «ይህ ምን ይባላል? ያ ምን ይባላል?» ሲላቸው፣ አሮጊቶቹ በዚያች በአንዲት ቅጥያ ወዳጅነታቸውን ሰጡት። ብራይት በ2006 እ.ኤ.አ. ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ጎሣው የክብር አባል አድርጎ ተቀብሏቸዋል፤ ከውጭ ሰው ይህን ክብር ያገኙ የመጀመሪያው እርሳቸው ነበሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላውሳ፤ ከርእሱ ብዙ አይርቅም። በካሩክ «ብ» የሚባል ድምፅ የለም፤ «ፕ» ብቻ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ ድብ (ቤር) እና ፔር የሚባለው ፍሬ የሚለያዩት በእነዚሁ ሁለት ድምፆች ስለሆነ፣ ካሩኮች ፍሬውን ከነጮች ሲቀበሉ የድብን ስም ሰምተው በራሳቸው ቋንቋ «ቪሩሱር»፣ ድብ፣ አሉት። የእኛም አባቶች ፖስታን ቦስታ ሲሉ ኖረዋል። ጆሮ በለመደው ይሰማል፤ ይህም አለማወቅ አይባልም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። የሚያሳስበኝ፣ «ያላደገ ቋንቋ» የሚለው አባባል በሩቅ ላሉ ሰዎች ሲነገር ቀላል መስሎ መታየቱ ነው። ካሩኮች ላይ የደረሰውን እናስብ። ከ1850 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርቅ ፈላጊዎች ወንዛቸውን አጥለቀለቁት፤ ሰዎቻቸው ተገደሉ፣ መንደሮቻቸው ተቃጠሉ። በኋላም ልጆቻቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደው በአባቶቻቸው ቋንቋ እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ የክልከላውም ምክንያት ይኸው ነበር፤ ያላደገ ልሳን ነው የሚል። ዛሬ ካሩክን በእናታቸው ጡት የቀሰሙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሆኖም ጎሣው በ2005 እ.ኤ.አ. የራሱን መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ወጣቶች ከአረጋውያን ጋር ተቀምጠው የቃል በቃል ትምህርት ይወስዳሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክላማዝን የዘጉት አራት ግድቦች ፈርሰው ሲያልቁ፣ የሳልመን ዓሣ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ወደነበረበት ወደ ላይኛው ወንዝ ተመልሷል። ሡኪንኩኒሽ የሚለውን ቃል የሚማር የካሩክ ልጅ ዓሣውን ከነሐሞቱ በእጁ ይዞ ሊማረው ይችላል።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። የጋፋት ቋንቋን የመጨረሻ ተናጋሪዎች ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያገኟቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ቋንቋው የለም። በምዕራብ ወለጋ አካባቢ የአንፊሎ ቋንቋ፣ በደቡብ የኦንጎታ ቋንቋ በጥቂት አረጋውያን አንደበት ቀርተዋል። የጋፋት ሰው ቀለምን በምን ይመስል እንደነበር ጠይቆ የጻፈ ብዙ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ዓባይ ዳር ኑሮ የምናውቀው የበለጠ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ያ አንቀጽ በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም ነው። ሁለተኛው፣ ጋዜጣው በቋንቋ ዓምዱ አንባቢዎችን ከየአካባቢያቸው የማመሳሰል ቃል እንዲልኩ ቢጋብዝ መልካም ነው፤ የከብት፣ የፈረስ፣ የዶሮ፣ የእህል፣ የአፈር መልክ የሚጠራባቸውን፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም፣ በየምኛም፣ በከፊኛም፣ በዳውሮኛም፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደወጣና በምን በኩል እንደመሰለ ጭምር። እዚህ ጅማ በአንድ የገበያ ቀን አምስት ልሳን ይሰማል፤ ጉራቻ ፈረስ፣ ገብስማ ዶሮና ሰርገኛ ጤፍ በአንድ መደዳ ይሸጣሉ። ለመጀመሪያ ያህል እኔና ልጄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሂርማታ እየወጣን ከዶሮ ሻጮች፣ ከቡና ለቃሚዎችና ከፈረስ ነጋዴዎች የሰበሰብናቸውን ቃላት በስድስት ገጽ ጽፈን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የቡና ቀማሽ
ከጅማ